የአባቴ አውራ በግ የተመረመረ ዕለት

ዩኒቨርሲቲ እንስሳት እርባታ ትምህርት ላይ መመደቤን የነገረችኝ ሞላሌ ገበያ ላይ ያገኘኋት የክፍል ጓደኛዬ ናት። እሷ የፈለገችው ስለደረሳት ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ነርስነት ነበር የሞላሁት። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግራቸው ከእሳቱ ዳር እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ።

«በግ ማርባቱንማ እዚሁ ስታረቢ ነበር» አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የመሄጃዬ ቀን ሲደርስ ሻንጣዬን ተሸክመው አውቶቡስ ላይ ጫኑልኝ።

ዩኒቨርሲቲው ቆላ ነበር፤ ብርድ ለለመደ ሰው ሙቀቱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ትምህርቱን ግን ወደድኩት። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። ከእኛ በላይ ያሉትን ተማሪዎች ምን እንደምንሆን ስጠይቃቸው አንዱ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይላል፣ ሌላው ምርምር ማዕከል፣ ሌላዋ ደግሞ የወተት ላም ወይም የዶሮ እርባታ ያላቸው ባለሀብቶች ዘንድ መቀጠር ይሻላል ትላለች። አንድ ቀን ተመርቆ የወጣ ልጅ ማስረጃውን ሊወስድ መጥቶ ካፌ ውስጥ አብሮን ተቀመጠ። የት እንደሚሠራ ስንጠይቀው «የሥራ ማስታወቂያ እያነበብኩ ነው» አለና ሳቀ። ሁላችንም አብረነው ሳቅን። እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬን መጨረስ አቃተኝ።

ሦስተኛ ዓመት እንዳለቀ ለተግባር ልምምድ የተላክሁት ወደ ራሴ ወረዳ ነው። በዚያን ጊዜ የኛ መንደር ገበሬዎች የበግ ዝርያ ማሻሻያ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁሉም ያለውን አውራ በግ ያመጣል፣ ኮሚቴውና ባለሙያው አይተው ጥሩ ጥሩውን ይመርጣሉ፣ የተመረጠው የመንደሩን እንስት በጎች ሁሉ እያጠቃ ያስረግዛል። ያልተመረጠው ይኮላሽና ሰብቶ ለገበያ ይቀርባል። እኔ የተመደብኩት ከወረዳው በሚመጣው ባለሙያ ሥር ነበር።

የምርጫው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ላይ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። አባቴ በርኖሳቸውን ደርበው፣ በጋቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ። ቀይ ነው፣ ላቱ የሰፋ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያየው ነበር። ቤት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ «ዘንድሮ አንደኛ የሚሆነው ይሄ ነው» ሲሉ ከርመዋል።

ባለሙያው ቁመትና የደረት ዙሪያ እየለካ፣ ጥርስና የዘር ፍሬ የማየቱን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት አንዲት ልጃገረድ ተንበርክካ የበግ ቆለጥ ስትዳስስ አስቡት። ከዳር የቆሙት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ጆሮዬ እየጋለ ቀጠልኩ።

የአባቴ በግ ተራ ደረሰ። ጥርሱ ደህና ነው። እጄን ሰደድኩ፤ አንድ ብቻ ነው ያለው። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ይሆናል ብዬ እጄን በትንፋሼ አሙቄ እንደገና ዳሰስኩ። አንድ ነው። ሌላው ሆዱ ውስጥ ቀርቷል።

«ምነው ቆየሽ?» አሉ አባቴ ከበላዬ።

ባለሙያው ራቅ ብሎ ሌላ በግ እየለካ ነበር። «ደህና ነው» ብል አምኖኝ ያልፋል። ግን ይህ ጉድለት በዘር ይተላለፋል፤ የዚህ በግ ልጆች በመንደሩ ሁሉ ሊበተኑ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ በግ ለዘር አይሆንም» አልኩ። «አንዱ የዘር ፍሬ አልወረደም።»

ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ ጠጋ አሉ። «እስቲ ልጄ፣ አጥብቀሽ እዪው።»

«ሁለቴ አየሁት፣ አባ።»

ባለሙያው መጥቶ ራሱ ዳሰሰው። «ልክ ናት» አለና ወደ ቀጣዩ አለፈ። አባቴ ገመዱን ጠቅልለው በጉን እየጎተቱ ሄዱ።

ማታ ቤት ስደርስ እናቴ «ምነው ዝም ብትዪ?» አለችኝ ቀስ ብላ። አባቴ ለሷ የነገሯት «ልጅሽ በጌን ጣለችው» ብለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እኔ ስገባ ይወጣሉ። ጎረቤት መጥቶ ወሬውን ሲያነሳ ሌላ ጨዋታ ያመጣሉ። ትምህርቱን ተዪው ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት በረቱ በር ላይ ጠሩኝ።

«ያ ነገር ወደ ልጆቹ ይሄዳል ብለሻል አይደል?»

«ሊሄድ ይችላል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ግልገሎቹን እዪልኝ።»

ግልገሎቹን ራሳቸው እየያዙልኝ አንድ በአንድ አየሁ። አንደኛው እንደ አባቱ ነበር። ስነግራቸው አልተከራከሩም፤ ወስደው ለብቻው አሰሩት። ከዚያ እጃቸውን በበርኖሳቸው እየጠረጉ «ይሄ ሥራ ደሞዝ ይከፈልበታል?» አሉኝ።

«ይከፈልበታል። ካገኘሁ።»

«ሰው ይጠላሻል» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእኔ የፈሩልኝ መሰለኝ።

ተመርቄ ብዙ ወራት ቤት ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን እየተመላለስኩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ያ ካፌ ውስጥ ያገኘነው ልጅ ትዝ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ለሥራ የተጠራሁት መርሐቤቴ ነው። አውቶቡሱ የጀማን ገደል ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ የወረዳው መቀመጫ ዓለም ከተማ ስደርስ ልብሴን ላብ አጥምቆት ነበር።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከወንበሩ ሳይነሳ «ያንቺ ቀበሌ ቆላ ነው» አለኝ። «የሚበዛው ፍየል ነው። ሞተር ትነጃለሽ?»

ፍየል ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ እንጂ አርብቼ አላውቅም። ሞተርማ ተፈናጥጬም አላውቅ።

«እማራለሁ» አልኩ።

ግቢው ውስጥ የቆመውን አሮጌ ሞተር ሰጡኝ። የጥበቃ ሠራተኛው፣ ፈገግ የሚሉ ሽማግሌ፣ ከኋላ እየደገፉኝ ፍሬኑን አሳዩኝ። አስነሳሁት። እስከ አጥሩ ሄድኩና ሞተሩ ጠፋብኝ።

«በርቺ፣ እንደገና!» አሉ ሽማግሌው።

እንደገና አስነሳሁት።