ግማሽ ጢም ይዤ

ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ስትገነባ እኔ ከአገር ቤት መጥቼ ግድግዳ እለስን ነበር። አንድ ቀን ከመሰላል ወደቅሁና ቀኝ ክንዴ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ይህ ሳያንስ የእጮኛዬ አጎት ሊያየኝ ከድሬዳዋ መጣ። «ጢምህን ተላጭተህ ና፤ አጎቴ የተንጨባረረ ሰው አይወድም» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

በግራ እጄ ምላጭ ይዤ ታገልኩ። አንዱን ጉንጭ እንደምንም ጨረስኩ፤ ሁለተኛውን ገና ስጀምረው ቆረጥኩት። ግማሽ ጢሜን በፎጣ ሸፍኜ ጋአን ሊባህ ሰፈር ወዳለ ጢም መላጫ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቱ ትከሻቸው ላይ ሰፊ ሻርፕ የጣሉ ሽማግሌ ናቸው። በስደት ዘመናቸው እኛ አገር ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። ሳሙናውን ቀቡኝና «ልጄ፣ ጉንጭህን ወጠር አድርገህ ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። «አፍንጫህን ቀና አድርግ።» አደረግሁ። «ጆሮህንም ወደ ኋላ ሳብ።» እኔ በሽተኛው ሠራተኛ መሆኔ አናደደኝ፤ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር ግን ጆሮዬን ሳብኩ።

ሲጨርሱ ፊቴ እንደ ሕፃን ለስልሷል። ንዴቴ በረደና «ጋሼ፣ የእርስዎ ግራ እጅ ግን ሥራው ምንድነው?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

ሻርፓቸውን ገለጥ አደረጉት። የግራ እጅጌያቸው ባዶ ነበር።

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን እየሳቁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ክንድህ እስኪድን ሌላ ቤት እንዳትሄድብኝ» አሉ። «እንዳንተ ያለ ረዳት አግኝቼ አላውቅም።»