የጣሳ ፋኖስና የኔ ሙያ

ውሸቴን ስጀምራት ትንሽ ነበረች። የልጅ ልጄ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ድሮ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። ምን አለሽ ተራ ገበያ ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበርኩ፣ የመርካቶ ኩራዝ ግማሹ በእጄ ያለፈ ነው አልኳት። በእጄ ማለፉስ አልፏል። ሌሎች የሠሩትን ከመደርደሪያ አንስቼ ለገዢ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ገበያተኛ ስጣራ፣ ቀጥቃጮቹ ከጀርባዬ ነበሩ። ከሙያቸው የደረሰኝ ጩኸቱ ብቻ ነው፤ ግራ ጆሮዬ ምስክር ነው።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ውሸቷም አብራት አደገች። በዚህ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ስልክ ላይ አይታ፣ በቅያሳችን አጥር ላይ የምንሰቅለው የሻማ ፋኖስ እንሥራ አለች። ከስድስት ዓመቱ ወንድሟ ጋር ከጎረቤት ሁሉ ባዶ የሳልሳ ጣሳ ለቃቅመው፣ አጥበው፣ ስምንቱን በረንዳ ላይ ደረደሩልኝ። አበባና ኮከብ በማርከር ሥለውባቸዋል። የኔ ድርሻ ሥዕሉን ተከትሎ በሚስማር መብሳት ነው። ለባለሙያ ይሄ ምን አላት!

የመጀመሪያውን ጣሳ በጉልበቶቼ መሀል አድርጌ መታሁት። ተጨፈለቀ። የዘንድሮ ጣሳ ወረቀት ነው ብዬ አማረርኩ። ሁለተኛውም እጥፍ አለ። ሦስተኛውም ሲጨፈለቅ ትንሹ፣ አባባ ጣሳ እንደማይወድ ለእህቱ ሹክ አላት። እሷ ግን ቅንጣት አልጠረጠረችኝም። መሣሪያ ስለሌለኝ ነው ብላ፣ የድሮ ጓደኞቼ ጋ ሄደን እንድንሠራ ወሰነች። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ዝናብ ሊመጣ ነው አልኩ። የቀሩትን አምስት ጣሳዎች በፌስታል ይዛ፣ ወንድሟን አስከትላ በሩ ላይ ቆመች።

በመንገድ ላይ፣ አያቷ ቀጥቃጭ እንደነበር ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ እንደነገረች ስታወራኝ ሄደች። እያንዳንዷ እርምጃ ከበደችኝ።

ምን አለሽ ተራ ደረስን። ከጥንቶቹ ቀጥቃጮች የቀረው አንድ ነው፤ ከጀርባዬ ተለማማጅ ሆኖ ጀምሮ አሁን የሸበተ። ልጅቷ የአባባን መዶሻ እንዲሰጣት ስትጠይቀው ነገሩ ወዲያው ገባው። የራሱን መዶሻ አንስቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ያሳዩን። እኛም እንማር።»

ዙሪያውን ያሉት ሥራቸውን አቆሙ። እዚያ ተራ ጸጥታ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጅቷ በኩራት ታየኛለች። ሌላ ውሸት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ለሚያውቀኝ ሰው ይህ የሚገርም ነው።

«እኔ ሻጭ ነበርኩ፣ የኔ እናት» አልኳት። «አንድም ቀን ቀጥቅጬ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንድታደንቂኝ ነዋ።»

መዶሻውን ከእጄ ወስዳ፣ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳያት ሰውየውን ጠየቀችው። ጣሳው ውስጥ ልክክ የሚል ድቡልቡል እንጨት ከተተላት። ጣሳ የማይጨፈለቀው ለካ ሆዱ ሲሞላ ነው! አንድ ቀን ዞር ብዬ ባይ ኖሮ ይህን አውቀው ነበር።

«ያዝልኝ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ያዝኩላት። አራተኛው ምት አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው፣ እስካሁን አልጠየቅኳትም። ይቅርታ ስትለኝ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከእንባዬ ጋር።

አመሻሹ ላይ አምስቱን ፋኖሶች በሽቦ አጥሩ ላይ ሰቅለን ሻማቸውን ለኮስን። ኮከቦቹ ትንሽ ተንጋደዋል፣ ብርሃናቸው ግን ጭቃው ላይ ሲያርፍ ያምራል። ከወፍጮ ቤት የምትመለስ ጎረቤታችን ቆም ብላ፣ «አያትሽ ናቸው የሠሩልሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

«እኔና ወንድሜ ነን» አለች። «አባባ ጣሳውን ይዞልን ነው።» እጄን ሳብ አድርጋም ከፋኖሶቹ ፊት አቆመችኝ፣ ሴትየዋ በደንብ እንድታየኝ።

አሁን ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጣሳ ያዥ ነኝ እላለሁ፤ አምስቱንም የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ እምላለሁ። የመጨረሻውን ግን፣ ጣቴ ስላበጠ፣ የያዘው ትንሹ ነበር።