እሽጉ ለቤተሰቡ ሲያሽግ

ሰውየው የሚሠራው አገር ለቅቀው የሚሄዱ ሰዎችን የቤት ዕቃ በሚያሽግ ድርጅት ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ብርጭቆና የሰው መስታወት በጋዜጣ ሲጠቀልል ኖሮ አንድ ነገር ተሰበረ ተብሎ አያውቅም። ባልደረቦቹ «እሽጉ» ይሉታል። አንድ የማይሻር ሕግም አለው፤ እሱ ያሸገው ካርቶን ቦታው ሳይደርስ አይከፈትም። አንድ ጊዜ የአለቃው መነጽር ከዕቃ ጋር አብሮ ቢታሸግ እንኳ ወይ ፍንክች ብሏል። አለቃው ሁለት ሳምንት ደብዳቤውን ሁሉ በጸሐፊዋ እያስነበበ ከረመ።

ይኸው ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ሊያሽግ ሆነ። አማቱ ባሕር ማዶ ትልቋ ልጃቸው ዘንድ መኖር ከጀመሩ ሰባት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዷል፤ የእሽጉን ትንሿን ልጅ ደግሞ አንድም ቀን አላዩዋትም። «ብርሃኔ ሳይጠፋ አምጧትና ልያት» ብለው ትኬቱን ያስቆረጡት እሳቸው ናቸው። ቀኑ ካለፈ ትኬቱ ይቃጠላል።

በጉዞው ዋዜማ እሽጉ የማሸጊያ ቴፑን ይዞ ከሥራ መጣ። ሚስቱ «ሻንጣ አለን እኮ» ብትለው «ሻንጣ የሰነፍ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከመታሸግ የተረፈው ነፍስ ያለው ብቻ ነው። የትልቁ ልጅ የቤት ሥራ ታሸገ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ታሸገ። ሚስቱ ለአፍታ ያስቀመጠችውን ጭልፋ ዞር ብላ አጣችው።

«ቀስ በል እንጂ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው።

«እኔ ስለቅም እንጂ ሳፈስ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ታክሲው በር ላይ ቆሞ ሦስቱ ልጆች ታጥበውና ለብሰው በካልሲ ተሰለፉ።

«ጫማችሁስ?» አለ አባት።

ልጆቹ ካርቶኑን አዩ። ለካ «ከባድ ዕቃ ከሥር» በሚለው የሙያው ወግ፣ ያላቸውን ጫማ ሁሉ፣ ነጠላ ጫማቸው ሳይቀር፣ የልጆቹ ካርቶን መሠረት አድርጎታል።

«በካልሲ ይሂዱ» አለ። «አውሮፕላን ውስጥ ምንጣፍ አለ።»

«እስከ አውሮፕላኑስ?» አለች ሚስቱ።

«እሸከማቸዋለሁ።»

«ሦስቱንም?»

«ፒያኖ ተሸክሜያለሁ።»

ሁለቱን ትከሻው ላይ አወጣ። ትልቁ ግን ጓደኞቼ ያዩኛል ብሎ አሻፈረኝ አለ። ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። «ጋሼ፣ መንገዱ ሳይዘጋ እንውጣ» አለ ሾፌሩ። ሚስቱ በሩን ተደግፋ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ከጥሩምባው የበለጠ አስፈራው።

ከትከሻው ላይ ትንሿ ጎንበስ አለችና በጆሮው «ቀዩን ጫማዬን ለአያቴ ላሳያት ነበር እኮ» አለችው።

እሽጉ ልጆቹን አወረደና ቢላውን ከኪሱ አወጣ። የገዛ ቴፑን ቆረጠ። እስከ ታች ሊበረብር እጅጌውን ሰብስቦ ክዳኑን ቢያነሳ፣ ጫማዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ከላይ ተደርድረዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። «ትናንት ጠጉርህን ልትቆረጥ ስትወጣ ከፍቼ ገለበጥኩት።»

«ውጭ አታስቀምጪውም ነበር?»

«ውጭ የተገኘ ነገር ከእጅህ ይተርፋል?»

«ታዲያ አሁን ምን ዝም አሰኘሽ?»

«ለልጆችህ ስትል ትቆርጠው እንደሆነ ልይ ብዬ።»

እሽጉ የተቆረጠውን ቴፕ አንስቶ አገላበጠው። ጫፉ ልክ እሱ እንደሚያጥፈው ታጥፏል፤ እንዲያውም ከእሱ እጥፋት ይበልጥ ቀጥ ይላል። ካርቶኑ ተከፍቶ ዳግም መታሸጉን እሱ ራሱ አላወቀም። አፈረ፤ በሚስቱ ደግሞ ኮራ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አሥራ አራት ዓመት ራት ላይ ሌላ ወሬ አውርተህ ታውቃለህ?»

ቴፑን አቀበላት። «በይ፣ አንቺው እሸጊው» አለና ተንበርክኮ የትንሿን ጫማ ያስር ጀመር።