ዋስ ሆነው የቀሩት አምባሳደር

ባለፈው ሳምንት ለምሳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሬዲዮ ስከፍት የአምባሳደር ጥሩነህን ማረፍ ሰማሁ። ዜና አንባቢው ይጣደፍ ነበር። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ መማራቸውን፣ በኋላ ሕግ ማጥናታቸውን፣ በየአገሩ አምባሳደር ሆነው መሾማቸውን፣ በመጨረሻም ዓለም አቀፍ የሰላም አስከባሪ ተልእኮ መምራታቸውንና ኒሻን መሸለማቸውን አንብቦ ወደ አየር ሁኔታ ተሻገረ። ቢላዋውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እኔ እኚህን ሰው የማውቃቸው ለጥቂት ጊዜ፣ ያውም በአንድ ጉዞ ነው። በዜናው ውስጥ ግን ያ ጉዞ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ገና ከነርስ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። ቢቸና ጤና ጣቢያ ስመደብ ደሴ ያሉ ዘመዶቼ፣ «ዘይነብ፣ ጎጃም ድረስ ሄደሽ ምን ልትበዪ ነው?» ብለው አዘኑልኝ። እውነትም በጾም ቀን ከሁሉም ጋር አንድ ገበታ እቀርባለሁ፤ የፍስክ ቀን ሥጋው ይለየናል። የቤት አከራዬ እትዬ አበቡ ግን ይህን ስታይ፣ «ብቻሽንማ አትበዪም» ብላ በፍስኩም ቀን ሽሮ ትሠራልን ጀመር። ልጆቿ ሲያጉረመርሙ፣ «ሽሮ የጠላ ጎረቤት ሄዶ ይብላ» ትላቸው ነበር። ሰው አገር የሚለምደው እንዲህ ነው፤ በአንድ ሰሃን ሽሮ።

የማወራው ነገር የሆነው በጥቅምት ነው። ሜዳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ መረሬው አፈር ግን ገና አልደረቀም፣ ጫማ ይነጥቃል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አለልኝ የሚባል ገበሬ በቃሬዛ ተጭኖ መጣ። ከደብረ ወርቅ ወዲያ በግጦሽ መሬት ተጣልቶ ከአንድ ሰው ጋር ተታኩሷል። ሞላ የሚባለው ባላጋራው እዚያው ሞቷል። አለልኝ ደግሞ ጥይቱ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል።

ጤና ጣቢያችን ሐኪም አልነበረውም። ቁስል ማሸግና ግሉኮስ መስቀል እችላለሁ፤ ሆድ ከፍቶ ጥይት የሚያወጣው የሞጣ ሆስፒታል ነው። መኪናችን ከክረምቱ ጀምሮ ተበላሽቶ ቆሟል። በደጀን በኩል ያለውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። ያለን መንገድ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው ብቻ ነው። ይህ መንገድ ደግሞ በሟቹ መንደር በኩል ያልፋል።

አምባሳደር ጥሩነህ እናታቸውን ሊጠይቁ ከውጭ አገር መምጣታቸውን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ደም በነካው ጋዋኔ ሄጄ የእናታቸው ቤት ደጅ ላይ ቆምኩ። ከእንግዶች ጋር ምሳ ቀርበው ነበር።

«ጌታዬ፣ መኪናዎን ፈልጌ ነው» አልኩና ነገሩን ነገርኳቸው።

ከእንግዶቹ አንዱ ቀደማቸው። «አንቺ ልጅ፣ እኚህ ሰው ለእረፍት ነው የመጡት። ነፍሰ ገዳይ ጭነው ይሂዱልሽ?»

«ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ዳኛ ይወስን። እኔ የማውቀው ሆዱ ውስጥ ጥይት መኖሩን ነው» አልኩ። ከደጁም ንቅንቅ አላልኩም።

አምባሳደሩ ቀና ብለው አዩኝ። «ቢቆይ ምን ይሆናል?»

«ነገን አያይም።»

እጃቸውን ታጠቡና ኮታቸውን አነሱ። ሌላ አልጠየቁኝም።

የአለልኝ ዘመዶች ጠመንጃቸውን አንግተው ካልተከተልን አሉ። አምባሳደሩ፣ «እናንተ ከመጣችሁ እሱ አይደርስም» ብለው አስቀሯቸው። አንድ ፖሊስ ብቻ ተሰጠን። እሳቸው ከሾፌሩ ጎን ገቡ፤ እኔና ፖሊሱ ከቁስለኛው ጋር ከኋላ ተጫንን። ግሉኮሱን በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ፣ በሌላው የመኪናውን ብረት ጨብጬ ሄድኩ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን አለልኝ ያቃስታል። ማቃሰት ሲያቆም ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ።

ጉንደ ወይን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መንገዱ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቶ አገኘነው። ወንዶቹ ጠመንጃ ይዘው ወዲህና ወዲያ ቆመዋል። ሴቶቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ፖሊሱ ጠመንጃውን ሲያነሳ አምባሳደሩ ወርደው መጡና፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ጠመንጃውን አስተኛውና አንተም ተቀመጥ» አሉት።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሰዎቹ ሄዱ። መንገድ ክፈቱ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «የሟች እናት የትኛዋ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። አሳዩዋቸው። እማማ ትጓደድ ይባላሉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው፣ ፊታቸው በእንባና በአቧራ ተሸፍኗል። አምባሳደሩ ዝቅ ብለው እጅ ነሱና ከነሙሉ ልብሳቸው ጭቃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። አልቃሿ የሞላን ስም እየጠራች ስታወርድ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። የአለልኝ የልብ ትርታ ከጣቴ ሥር እየጠፋ ነው። ግሉኮሱን ለፖሊሱ አስይዤ ዘልዬ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እየሞተብኝ ነው!»

«ይሙታ!» አለ አንድ ጎልማሳ። የሟች ወንድም ደሳለኝ ነው። «የወንድሜን ደም ሳልመልስ በዚህ አያልፍም!»

አምባሳደሩ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ደም መመለስማ የዚች ልጅ ሥራ ነው። የፈሰሰ ደም ወደ ሰው ገላ ስትመልስ ነው የምትውለው። እኔና አንተ ማፍሰስ እንጂ መመለስ መች ተማርን?»

የቅኔ አገር ሰው ሰምና ወርቅ ሲሰማ ዝም አይልም። ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ቄስ፣ «እህ» ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ደሳለኝም መሬት መሬት አየ።

ያን ጊዜ እማማ ትጓደድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የቢቸናዋ የወይዘሮ ዘውዴ ልጅ ነኝ።»

«እናትህ አለች?»

«አለች።»

«የኔ ልጅ ገና አፈር አልለበሰም። ገዳዩ ድኖ እንዲስቅብኝ ነው የመጣኸው?»

«ድኖ እንዲቆምልዎ ነው እናቴ። ዛሬ እዚህ ከሞተ የሞላን ነገር ዳኛ ፊት የሚመልስ የለም። በሽማግሌ ፊት የሚንበረከክም የለም። ነገ ዘመዶቹ ይመጣሉ። የሚፈልጉትም እኔን አይደለም፤» አሉና ደሳለኝን አዩት፣ «የቀረዎትን ነው።»

አሮጊቷ ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቢያመልጥስ?»

«እኔ ዋስ ነኝ። ከናንተ ጋር እዚሁ እቀራለሁ። ደሳለኝ አብሮ ይሂድና በዓይኑ አይቶ ይመለስ። ሰውየው ካመለጠ እኔ እጃችሁ ላይ ነኝ።»

እማማ ትጓደድ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «ድንጋዩን አንሱ» አሉ።

መኪናው ሲነሳ አምባሳደሩን አየኋቸው። ጭቃው ሱሪያቸው ላይ ተለጥፎ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ሂጂ ልጄ» አሉኝ። «እኔን አታስቢ፤ እሱን ጠብቂ።»

ሞጣ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሐኪሙ አለልኝን እንዳየው፣ «ደም ካላገኘን አልነካውም» አለ። የሚሰጥ ዘመድ አብሮን የለም። የፖሊሱም የሾፌሩም ደም ሲመረመር አልሆነም። ሁላችንም ወደ ደሳለኝ ዞርን፤ እሱ ፊቱን አዞረ። አልፈረድኩበትም፤ ዛሬም አልፈርድበትም። የኔ ሲመረመር ሆነ፤ ተኛሁና ሰጠሁ። ደሜ በቱቦው ሲወርድ ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ይዟል።

«ለሱ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «አንቺ እህል ሳትቀምሺ ነው የዋልሽው።»

በማግሥቱ ጠዋት አለልኝ ተቀዶ፣ በሕይወት፣ ፖሊስ ከራስጌው ተቀምጦ እየጠበቀው ትተነው ተመለስን። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ አምባሳደሩ ነበር። አንድ ጎረምሳ ሌሊቱን ጠጥቶ ቢነሳባቸውስ? እናታቸውን ምን እላቸዋለሁ?

ያገኘናቸው በለቅሶው ዳስ ውስጥ፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል፣ የባቄላ ንፍሮ በእፍኛቸው ይዘው ነው። ሞላ በተቀበረ ጊዜ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው እንደነበሩ ኋላ ሰማሁ። ደሳለኝ ዳሱ መሀል ቆመና፣ «አልሸሸም። ተቀዶ ተኝቷል። በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ቀጥሎ ወደ አምባሳደሩ ዞሮ ጎንበስ አለ። «ዋስትናዎ ወርዶልዎታል።»

ወደ ቢቸና ስንመለስ ፈርተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አልፈራም?» አሉ። «በምሠራበት አገር በሁለት ጦር መሀል ነው የምንቆመው። መሀል ማለት ጥይት ከሁለቱም ወገን የሚደርስበት ቦታ ነው። እዚያ ግን ወታደር አለኝ፣ ሬዲዮ አለኝ። ትናንት የነበረኝ የእናቴ ስም ነው።»

«እዚያስ መሀል ቆመው ምን ያደርጋሉ?»

«አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ እንሰማለን። ለቅሶውን ያልሰማ ሰው መንገድ ክፈቱ ቢል ማን ይሰማዋል?»

አለልኝ ዳነ፤ ተፈረደበትና ታሰረ። ከዓመታት በኋላ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ሲቀመጡ እኔም ተጠርቼ ነበር። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እማማ ትጓደድ እግር ሥር ወደቀ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በእጃቸው ፈልገው ድንጋዩን ነኩትና፣ «ተነስ» አሉት። ይህቺን አንዲት ቃል ለመናገር ምን ያህል አቀበት እንደወጡ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ። አምባሳደር ጥሩነህ ይህን አላዩም። በሌላ አገር፣ በሌላ ጦርነት መሀል ቆመው ነበር።

እኔ ቢቸና ቀረሁ፤ እዚሁ አግብቼ ወለድኩ፣ ከሥራም ጡረታ የወጣሁት እዚሁ ነው። ሰላም ሲባል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ትልልቅ አዳራሽና ፊርማ ነው። ያም ያስፈልግ ይሆናል። እኔ ግን ሰላም ሲባል የሚታየኝ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ መኪናው ሄዶ እሱ የቀረ ሰው።

በዚህ ወር ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ቤተሰቦች ተጣልተው የአንዱ ልጅ ክፉኛ ተደብድቧል። ሽማግሌ ሁኚልን ብለው ሲመጡ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ደግሞም በዚህ ነገር የሴት ቃል ማን ይሰማል ብዬ መልሻቸው ነበር። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ግን ሽንኩርቱን እንኳ ሳልጨርስ ሰው ላክሁባቸው። ነገ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ እወጣለሁ። መጀመሪያ የምገባው የተደበደበው ልጅ ቤት ነው። እናቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። የምናገረውን ገና አላውቅም፤ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት።