የይሻው ክንፌ

ያቺን ነገር ከሠሪዋ ቀጥሎ መጀመሪያ በእጇ የያዘቻት ዘነበች ናት። ይህን ማንም አይነጥቃትም፤ ሌላውን ሁሉ ግን ነጥቀዋታል።

ባሏ ይሻው የጋፋት አናጺ ነበር። አናጺ ስላችሁ የአልጋና የወንበር አናጺ እንዳይመስላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያን በር፣ መንበርና አትሮንስ የሚሠራ፣ እንጨትን ከእንጨት ያለ ምስማር አጋጥሞ የሚያስር ሰው ነበር። ከጉና እስከ ገሳይ እጁ ያላረፈበት ደብር ጥቂት ነው። አንድ ክረምት መንገዱ ተዘጋና ሥራ የሚያመጣም የሚወስድም ጠፋ። እጁ ቦዝኖ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ? ከበር የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ አንስቶ ይጠርብ ጀመር። በሳምንቱ ስድስት አጫጭር ዘንጎች እርስ በርስ ተቃቅፈው አንድ መስቀለኛ ነገር ሆኑ። "እስቲ ፍቺያት" ብሎ ሰጣት።

ኧረ የት ትፈታለች! ሦስት ቀን ታገለቻት። ሽሮው አረረ፣ ሊጡ ኮመጠጠ። በሦስተኛው ቀን ዘነዘና አንስታ ልትወቅጣት ስትል ይሻው እየሳቀ እጇን ያዛት።

"በጉልበት አይደለም፣ አንቺ ሴት! ሦስተኛዋን ብቻ ወደ ግራ አዙሪ።"

አዞረች። ስድስቱም መዳፏ ላይ ዝርግፍ አሉ። በአንዷ ዘንግ ውስጠኛ ገጽ ላይ "ክንፈ ገብርኤል" የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል።

"ምነው፣ ይሻው ብለው አይጽፉም?" አለችው። ሠላሳ ዓመት በትዳር ቢኖሩም አንቱ ነው የምትለው።

"ይሻው የቀበሌ ስም ነው። እንጨት ላይ የምጽፈው የክርስትናዬን ነው።"

ልማዱ ነው። በርም ሠራ መንበር፣ በማይታየው በኩል የክርስትና ስሙን ብቻ ይቀርጻል፤ በጸሎት እንዲታሰብበት። በዓለም ስሙ መጻፍ ውዳሴ ከንቱ ይመስለዋል። የክርስትና ስም ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ስም ይዞ ድግምት የሚደግም ክፉ ሰው አይጠፋም ይባላል። ስለዚህ ክንፈ ገብርኤል ይሻው መሆኑን የሚያውቁት እሷና የንስሐ አባታቸው መምሬ ቀለመወርቅ ብቻ ነበሩ። ዘነበች ያን ቀን ዝም አለች። እስከ ዛሬ የሚቆጫት ያ ዝምታዋ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ይሻው አሥራ ሁለት ሠርቶ ደብረ ታቦር ላለ ነጋዴ ሰጠ። ነጋዴው ባሕር ዳር ወሰዳቸው፤ ማን ሠራቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! ተማሪው በየዶርሙ፣ ሾፌሩ ኬላ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሚዜው ሙሽራውን ሊያፋጥጥ፣ ሁሉም እሷን ይዞ ተገኘ። ስሟንም ውስጧ ካለው ጽሑፍ አወጡላት፤ ክንፌ አሏት። "ክንፌን ፈታሃት?" ሰላምታ እስኪመስል ድረስ ተባለ። ዘነበች ገበያ መሃል የባሏን ስም ከማታውቀው ሰው አፍ ስትሰማ ለብቻዋ ትስቅ ነበር። የዋህ!

በዓመቱ የደብረ ታቦር አናጺ ሁሉ ክንፌ ሠሪ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ፕላስቲኳ መጣች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ፋብሪካ በቀይና በቢጫ ያወጣታል፣ የይሻውን ፊደል ሳይቀር ገልብጦ። ካርቶኑ ደግሞ "የጎንደር ነገሥታት ዘመን ጠቢብ ክንፈ ገብርኤል የፈለሰፋት" ይላል። ጎረቤታቸው ትርንጎ ይሻውን ደጁ ላይ ሲጠርብ አይታ፣ "እርስዎም እንደ ሰዉ ክንፌ መሥራት ጀመሩ?" አለችው። እግዚኦ! ዘነበች "እሳቸው እኮ ናቸው የሠሯት!" ብላ ብትጮህ፣ ትርንጎ "ኧረ ተይ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል" አለቻት።

ይሻው "እግዜር ያውቃል" ብሎ ሊተወው ነበር። አልተውም ያለችው ዘነበች ናት። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ሳይሞት በፊት አንድ ሰው እንኳ "የሠራሃት አንተ ነህ" እንዲለው። መምሬ ቀለመወርቅ ክንፈ ገብርኤል የይሻው የክርስትና ስም ነው የሚል ወረቀት ጽፈው ማኅተም መቱላቸውና አዲስ አበባ፣ የፈጠራ ሥራ ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ጉዳዩን የሚያየው ልጅ ትሑት ነበር። መታወቂያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ክንፌን አገላበጠ።

"አባቴ፣ መታወቂያዎ ይሻው ነው የሚለው። ክንፈ ገብርኤል ተብሎ የተጠመቀ ስንት ሺህ ሰው አለ! ይቺ የእርስዎ መሆኗን በምን ልወቅ?"

ልጁ ምን አጠፋ?

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጠ ጎረምሳ ቢጫዋን ክንፌ ይዞ ይታገላል። ይሻው አላስችል አለው።

"ሦስተኛዋን ወደ ግራ አዙራት፣ ልጄ።"

ልጁ ፈታት። "አባባ፣ እንዴት አወቁ?"

"የሠራኋት እኔ ነኝ። ክንፈ ገብርኤል እኔ ነኝ።"

ለጎረቤት እንኳ ነግሮት የማያውቀውን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረ። አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ። "አባባ፣ ክንፌ እኮ ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አለፈው!" አለ ጎረምሳው። ይሻውም አብሮ ሳቀ። ዘነበችን ያንገበገባት ይኸው ነው፣ አብሮ መሳቁ። ልጁን በጥፊ ልትለው ተነሥታ ነበር፤ ይሻው ቀሚሷን ያዘና "ተይው" አላት።

ከዚያ በኋላ መሮ አልነካም። "የሞተ ሰው ምን ይጠርባል?" ይላል፣ ቀልድ አስመስሎ። ምግብ አስጠላው፤ ሳሉ ጠናበት። ኅዳር ሳያልቅ አረፈ።

ቀብሩ ላይ ደብረ ታቦርም ገሳይም መጣ፤ በራቸውን የሠራላቸው ደብሮች ካህናት ሁሉ መጡ። ፍትሐቱን የሚያደርሱት መምሬ ቀለመወርቅ ናቸው። በፍትሐት ሟች የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው።

"አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ክንፈ ገብርኤል" አሉ መምሬ።

ሕዝቡ ተንሾካሾከ። "ማን አሉ?" "ክንፈ ገብርኤል።" "የክንፌው?" መምሬ ደጋግመው ጠሩት፤ በጠሩት ቁጥር ነገሩ የሚገባው ሰው በዛ። ትርንጎ ዘነበች ያኔ የጮኸችው ትዝ ብሏት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያም እያለቀሰች መጥታ፣ ከቦርሳዋ ቀይ ክንፌ አውጥታ የአስከሬኑ ሳጥን ላይ አኖረች። አንድ ተማሪ ቢጫ አኖረ። ሌላውም ተከተለ።

እስከዚያ ድረስ ስታለቅስ የነበረችው ዘነበች እንባዋ ቀጥ አለ።

"አንሡልኝ!" አለች። "እንዲህ ስትሏቸው አንድ ቀን እንኳ ቢሰሙ ምን ነበረበት?"

ቀይዋን ከሳጥኑ ላይ አነሣችና በትርንጎ እጅ መልሳ አስያዘቻት።

"ውሰጃት፣ እህቴ። ይቺን እሳቸው አልሠሯትም።"