«እጅህ አለ» ሲሉኝ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አይደለም፤ ብርድ ነው። ቀኝ እጄን ከክርኔ በታች በረዶ ውስጥ የነከሩት መሰለኝ። በአሶሳ ሙቀት መሃል ቆሜ «ምን አቀዘቀዘኝ?» እያልኩ ነበር። ከዚያ የኢብራሂምን ፊት አየሁ። ኢብራሂም የአየር ማረፊያው ጥበቃ ነው፤ የበርታ ሰው፣ ረጋ ያለ፣ በቀላሉ የማይደነግጥ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያኔ ነው የገባኝ።

ይህን የምጽፈው እጁን ወይም እግሩን ላጣ ሰው ነው። ከእሱም በላይ አልጋው አጠገብ ለተቀመጠው ቤተሰብ ነው።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ቢሮዎቹ ወንበር ሳይኖራቸው ታፔላ ነበራቸው። እኔ ከወለጋ መጥቼ አየር ማረፊያው ላይ ነዳጅ ከበርሜል የምቀዳ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። የድሮ ረዳት ማኖቬላ ያውቃል። ባትሪ ሲሞት ያንን የብረት ማዞሪያ ከመኪናው ፊት ሰክተህ፣ ደረትህን ሰጥተህ ትጠመዝዛለህ። ሞተሩ ካቅማማ ሳይበርድ ወዲያው ትደግማለህ። ቆሞ የሚጠብቅ ረዳት ሰነፍ ነው ይባል ነበር። በዚህ ሥራ ስም ነበረኝ፤ ጉራዬም አያልቅም ነበር።

የዚያን ቀን መድኃኒት አራግፋ የምትመለስ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አልነሳ አለች። ባትሪዋ ሞቷል። በቶንጎ በኩል ደመናው እየከበደ ነው። ካፒቴኑ «ሌላ ባትሪ እስኪመጣ አድራለሁ» አለ። እኔን ማን ዝም ያሰኘኛል!

«ካፒቴን፣ ስንቱን መኪና ከሞት ያስነሳሁ ሰው ይቺ ትንኝ ታቅተኛለች?» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ካፒቴኑ ብዙ ካመነታ በኋላ አፍንጫዋ ላይ ያለው ፕሮፔለር በእጅ እንዴት እንደሚዞር አሳየኝ። «በመዳፍህ ብቻ፣ ጣትህን ሳትጠቀልል። ስበህ ወዲያው ወደ ኋላ። እኔ ሳልነግርህ እንዳትነካ።» ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ሦስቴም «ገባኝ» አልኩ።

አንዴ ሳብኩት። ሞተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ። ካፒቴኑ ከመቀመጫው ሆኖ እጁን አነሳ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ቁልፉን ሊያጠፋ ጎንበስ አለ። አይቼዋለሁ። አላየሁም አልልም። ግን አሥራ ሁለት ዓመት የለመደ ክንድ አይጠብቅም። ሳይበርድ ልድገመው ብዬ፣ ደረቴን ሰጥቼ፣ ጣቴን ጠቅልዬ ያዝኩት።

ተነሳ።

ኢብራሂም ጥምጣሙን ፈትቶ ከክርኔ በላይ አሰረኝ። «እጅህ አለች። ወላሂ አለች። አንተ ዝም በል፣ አትይ» ይለኛል። እሱ ራሱ ግን ወደ እጄ አያይም ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ጤና ረዳቱ ቱርኒኬቱ፣ ማለትም ያ ጥምጣም፣ በስንት ሰዓት እንደታሰረ ጠየቀ። የሚያውቅ የለም። «እዚህ አጥንት የሚሠራ የለም። በአውሮፕላን ይሂድ» አለ። በየትኛው? ካፒቴኑ «ፕሮፔለሩ ሰው መትቷል፤ ሳይመረመር ማንንም አላሳፍርበትም» አለና ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሌላ ጊዜ በሽተኛ የምትወስድልን እሷው ነበረች። በመኪና ወደ ወለጋ ስንወጣ በመስኮት አየኋት። ሜዳው ላይ ቆማለች።

ሚስቴ ጫልቱ ጭንቅላቴን ይዛለች። ኢብራሂም እጄን ወደ ላይ ይዟል። ከባምባሲ እንዳለፍን ጭቃ ያዘን። ሰው ተሰብስቦ ገፋ። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስገፋ የኖርኩ ሰው፣ ተጋድሜ ሲገፉ እሰማለሁ። ምንም አልችልም። ውሃ ጠማኝ። ጣቶቼን ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ። አልታዘዙም። «አምላኬ፣ እጄን ብቻ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

በማግስቱ ሆስፒታል ስንደርስ ጣቶቼ ጠቁረዋል። ሐኪሙ «ጋንግሪን ጀምሯል፤ ሥጋው እየሞተ ነው» ሲል ሰማሁ። «እጄን እንዳትነኩት!» አልኩ። ከዚያ ትኩሳቱ ወሰደኝ።

ስነቃ ክንዴ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ነው፤ ብርድ ልብስ ተደርቦበታል። ግሉኮስ በግራ እጄ ይንጠባጠባል።

«እጄስ?» አልኩ።

«አለ» አለች ጫልቱ። «እጅህ አለ። ታሽጎ ነው።»

አመንኳት። ለምን አላምናት? ጣቶቼ ይሰሙኛል እኮ! አውራ ጣቴ ያቃጥለኛል። ትንሿ ጣቴ ደግሞ ታሳክከኛለች፣ እንቅልፍ እስክትነሳኝ። «ጫልቱ፣ ትንሿን ጣቴን እከኪልኝ» እላታለሁ። እጇን ከብርድ ልብሱ ስር ታስገባለች።

«እዚህ ጋ?»

«ትንሽ ወደ ታች።»

ቅልል ይለኝ ነበር። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «ተመስገን፣ ተርፏል» ይላል። ፋሻ ሲቀየር ዓይኔን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፤ ደም እንዳላይ መስሎኝ። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ላይ መርዶ አይነገርም። ይጠንክር ይባላል፣ እህል ይቅመስ ይባላል፣ ቀን ይጠበቃል። እኔም ለስንቱ እንዲህ ዋሽቻለሁ።

በአራተኛው ቀን ሐኪሙ መጣና፣ ዓይኔ በነጠላዋ እንደተሸፈነ፣ ፋሻውን ቀይሮ ሲጨርስ «የተቆረጠው ቦታ ንጹህ ነው፤ ኢንፌክሽን የለውም» አለ።

የተቆረጠው?

የሐኪሙ ድምፅ ወደ ጫልቱ ዞረ። «አልነገራችሁትም?»

ነጠላውን ከዓይኔ ጎትቼ ጣልኩት። ከክርኔ በታች አንድ ስንዝር ፋሻ አለ። ከዚያ ወዲያ አንሶላ ነው። ጮህኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። ሳይጠይቁኝ ቆረጡኝ። ቆርጠውም ደበቁኝ። ትኩሳት ላይ ሳለሁ የፈረመችው ጫልቱ ናት። «እጁን ካላነሳን ዛሬውኑ ይሞትብሻል» ብለዋት ነው። ይህን አውቄም ስምንት ቀን አላናገርኳትም። ታጎርሰኛለች፣ እውጣለሁ፣ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ከዚያ በኋላም ስለ እጄ አንነጋገርም ነበር።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ጣቴ አሁንም ማሳከኩ ነበር። ያበድኩ መሰለኝ። ለሐኪሙ በሹክሹክታ ነገርኩት። «ፋንተም ፔይን ይባላል» አለኝ። «ነርቩ የለመደውን ይናገራል። ሕመሙ እውነት ነው፤ አንተም ጤነኛ ነህ።» እግዜር ይስጠው! ያቺ ቃል ከመርፌው ሁሉ በለጠችብኝ።

አሶሳ ከተመለስኩ በኋላ ቀኖቹ እየረዘሙ፣ ሕመሙ እየሳሳ ሄደ። በግራ እጄ ቁልፍ መቆለፍ እየተማርኩ፣ ስሜን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደጋግሜ እየጻፍኩ፣ አንዳንዴ ሳህን ግድግዳ ላይ ወርውሬ እየተቆጣሁ፣ ክረምቱ አልቆ በጋው ገባ። ኢብራሂም በየሳምንቱ እየመጣ ያጫውተኝ ነበር። አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ «እጅህ አለች ብዬ ዋሸሁ፣ በወላሂ ማልኩ። አፉ በለኝ» አለኝ። አፉ አልኩት። ከዚያ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው፣ «ጫልቱም ብዙ አለቀሰ። እሱን ደግሞ አናግር» አለ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

ያልኳትን ከመንገሬ በፊት ምክሬን ልናገር። ፕሮፔለር የቆመ ቢመስልም የቆመ አይደለም፤ ቁልፉ ጠፍቷል ብትባሉም አትጠጉት። ሌላ ሥራ ላይ ያዋጣችሁን ልማድ እሱ ጋ ይዛችሁ አትሂዱ። ደም ለማቆም ካሰራችሁ ሰዓቱን ጻፉት። የሌለ እጅ ቢያማችሁ ለሐኪም ተናገሩ። ቤተሰብ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሰውየው ሲነቃ እውነቱን ንገሩት። እጁም ኀዘኑም የራሱ ነው። እኔ አሁን እዚያው አየር ማረፊያ ሰው ወደ ሞተር እንዳይጠጋ የምከለክል ሆኛለሁ፤ እጅጌዬን አይተው ሳልናገር ይመለሳሉ። ለሐኪሙ፣ ለገፉን የባምባሲ ሰዎች፣ ለኢብራሂም ጥምጣም ምስጋናዬ አያልቅም።

ጫልቱን ያን ቀን የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው።

«ጣቴን እከኪልኝ ስልሽ፣ ያከክሽልኝ ምኑን ነበር?»

እርጥቡን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። አንዱን እጅጌ ለእኔ በልኩ አሳጥራ ሰፍታዋለች።

«ፍራሹን» አለች። «ምን ላድርግ? አሳከከኝ አልከኝ።»