ምግብ ቆሻሻ የሚሆነው መቼ ነው?

ትናንት ጠዋት ራስ ቤሩት ውስጥ ለጽዳት በምሄድበት ሕንፃ የሊፍቱ በር ሲከፈት፣ በረኛው ሊያወርደው የተወው የቆሻሻ ከረጢት አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። የዶሮ ስብ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የሲጋራ ቁራጭ አንድ ላይ በሙቀት ሲቦካ የሚያወጣው ጠረን አለ፤ አፍንጫዬን በሻርፔ ብይዝም አልቀረልኝም፣ በደረጃው ወጣሁ። አብሮኝ የወጣው ግን የትናንቱ ከረጢት ሳይሆን፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ በሠራተኛነት የገባሁበት የዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ቤት ነበር።

በዚያ ቤት አሠሪዬ ማዳሜ፣ ባሏና አባቷ ይኖሩ ነበር። አባቷን ሁሉም ጂዶ ይሏቸዋል፣ አያት እንደማለት ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ስለነበሩ ማስተማሩ ቢናፍቃቸው እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ዘመዱን ሁሉ ሰብስበው በጥያቄ ያፋጥጡታል። ወንበር መደገፊያው ቢነቀል ወንበር ነው? እግሩም ቢቆረጥስ? እኔ ሰሃን እያቀረብኩ በጎደሎ ዓረብኛዬ የቻልኩትን ያህል እይዝና ማታ ዕቃ ሳጥብ ለዘይነባ አደርስላታለሁ። ዘይነባ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ የወጥ ቤቶቻችን መስኮቶች የውኃ ቧንቧ ወደሚያልፍበት ጠባብ ክፍተት ስለሚከፈቱ፣ አንገታችንን አውጥተን እናወራለን። እሷ በጥያቄ ከጂዶ ትብስ ነበር።

«ሾርባ ይበላል ወይስ ይጠጣል?» ትለኛለች ከላይ።

«ይጠጣል።»

«ሥጋ ሲገባበትስ? ያላ፣ መልሺ!»

«በጥርስ ይጠጣል።»

ሳቃችን ቧንቧውን ተከትሎ እስከ ምድር ቤት ይወርዳል። እዚህ አገር የቤት ሠራተኛን ሁሉ፣ ከየትም ትምጣ፣ «ሲሪላንኪዬ» ብለው ይጠሯት ስለነበር፣ «ሲሪላንካን አይታ የማታውቅ ሲሪላንኪዬ ማን ናት?» ብላ ጠይቃኝ፣ ሁለታችንም እኩል «እኔ!» ብለን ጮኸን፣ ማዳሜ ተቆጥታ መስኮቱን ዘግታብኛለች።

ማዳሜ አንድ ልማድ ነበራት። እንግዳ ሲነሣ የየሰሃኑን ትርፍራፊ በሹካ እየጠረገች አንድ ሰሃን ላይ ትከምርና፣ መጣል ሐራም ነው ብላ ለእኔ ታስቀምጥልኛለች። የጥርስ ምልክትና ሊፒስቲክ ያረፈበት ጥብስ፣ ተልሶ የተተፋ የወይራ ፍሬ፣ የሲጋራ አመድ የነካው ሩዝ። ከዳር ከዳሩ ንጹሕ የመሰለኝን እየለቀምኩ፣ ትንፋሼን ይዤ እውጣለሁ፤ ገና ልጅ ነበርኩ፣ የሰው አገር ሥርዓት መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጂዶ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱና፣ «ምግብ ቆሻሻ የሚሆነው መቼ ነው?» አሉ። ድስት ውስጥ ሳለ ምግብ ነው፣ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ቆሻሻ ነው፤ ታዲያ መንገድ ላይ የት ቦታ ነው ስሙን የሚለውጠው? እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ደስ አለኝ፤ ትሪዬን እንደያዝኩ ዘይነባ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነበር። የማዳሜ ባል «ሲቀዘቅዝ» አለ። አንዷ እንግዳ «መሬት ሲነካ» አለች። ማዳሜ ግን እንደ ጎበዝ ተማሪ ትንሽ አሰበችና፣ «ሲሪላንኪዬዋ እምቢ ስትለው» አለች።

ጂዶ አጨበጨቡ። «ብራቮ! ከዚህ የተሻለ ትርጉም የለም!» ብለው ሲስቁ ከአፋቸው የተፈናጠረ ሩዝ ክንዴ ላይ አረፈ። ያ እርጥብ ሩዝ ዛሬም ድረስ ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እንግዶቹ ገና ሳይነሡ ማዳሜ ሰሃኑን ሞልታ ሰጠችኝ። «ኩሊ ሐቢብቲ፣ ብዪ።»

«ላ ማዳም፣ መርሲ።»

«ለይሽ? ለምን?»

«እምቢ ብያለሁ» አልኳት፤ «እንግዲህ ቆሻሻ ነው።» ቅርጫቱ ውስጥ ደፋሁት።

የሳቀ አልነበረም። ማዳሜ ፊቷ ቀልቶ፣ «ኸላስ! ያንን ያልበላ በቤቴ ሌላ አይበላም» ብላ የጓዳውን ቁልፍ ኪሷ ከተተች። ጂዶን አየኋቸው፤ አንድ ቃል ይተነፍሱልኛል ብዬ። ስቴኪኒ ጠየቁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ አንቱታውን ነሣሁት፤ ጥርሱን እየጎረጎረ የሚያገሣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆነብኝ።

ያንን ሰሞን ያኖረችኝ ዘይነባ ናት። ትንሽ ባልዲ በልብስ ማስጫ ገመድ አስራ በዚያ በቧንቧው ክፍተት ታወርድልኛለች፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዳንዴ ትኩስ ሩዝ። ኋላ ማዳሟ ገመዱን እንደያዘች ደረሰችባት፤ ሌባ ብላ ሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ ድረስ ደወለች፣ በማግሥቱ የቢሮው ሰውዬ መጥቶ ወሰዳት። በር ተቆልፎብኝ ስለነበር አላየኋትም። በደጃችን ስታልፍ ግን በሩን በእጇ ደብድባ፣ «እንዳትበዪላቸው! ሰማሽኝ? እንዳትበዪላቸው!» ስትል ሰማሁ።

አልበላሁም። ረሃቡ ጣለኝና ወለል ስጠርግ ስወድቅ ማዳሜ ደንግጣ ጓዳውን ከፈተች፤ ከዚያ በኋላ ውሌ እስኪያልቅ ምስሬን ራሴ እየቀቀልኩ በላሁ። ሽማግሌው ግን የሚቀጥለው እሑድ ምንም እንዳልተፈጠረ አዲስ ጥያቄ ይዞ ቀረበ፤ እኔም እንዳልሰማው የወጥ ቤቱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ዛሬ እሑድ እሑድ እኔ በተከራየሁት ቤት የሚሰበሰቡት የአገሬ ልጆች፣ ፒዛ ዳቦ ነው አይደለም እያሉ ከስልካቸው ላይ እየተጠያየቁ ይንከተከታሉ። እኔን ያቅለሸልሸኛል፤ ተነሥቼ በረንዳ እወጣለሁ። የዕድሜዬን ምርጥ ሳቅ የሳቅኩበት ጨዋታ ጠረኑ ብቻ ቀርቶልኛል።

ዘይነባን ግን መፈለግ አልተውኩም። ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ገበያ ውስጥ የወሎ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ወደ አገሯ መልሰዋት ይሆን፣ ሌላ ቤት አስገብተዋት ይሆን፣ የሚያውቅ የለም። «ዘይነባ የማን?» ይሉኛል። ያን ያህል ወራት የነገሩን ሁሉ ስም ስንፈትሽና ስንገለብጥ ከርመን፣ የአባቷን ስም አልጠየቅኳትም።